በጀርባው የተኛው መዝጊያ

ነሐሴ ሰባት ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ሰቆጣ ውስጥ «በር ሰው ገደለ» ተባለ። ወሬው ከፍልሰታ ቅዳሴ የሚመለሰውን ሕዝብ መንገድ ላይ ተቀበለውና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የወይዘሮ ይመኙሻል ግቢ በነጠላ ለባሽ ተጥለቀለቀ።

ጸሐይነሽ ሰው እየገፋች ወደ ዕቃ ቤቱ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጥንድ ጫማ ነው። በዚያ ጭቃ ጫማውን እንደ መስታወት የሚወለውል ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነበር። አቶ ወልደ ገብርኤል በጀርባው ተዘርግቷል። ከደረቱ እስከ ጉልበቱ አንድ ሰፊ የጽድ መዝጊያ ተጭኖታል። በመዝጊያው ላይ የተፈለፈለው ሐረግ፣ በሐረጉ መሐል የተንበረከኩት ትንንሽ ሰዎችና የመሐሉ መስቀል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ጌጥ ገደለው» አለ ከኋላዋ መምህሯ አስማረ። «ለእሱ ከዚህ የሚስማማ አሟሟት አይገኝም።»

ጸሐይነሽ ልትስቅ ምንም አልቀራት። መምህሩ ሲናገር መሳቅ የሦስት ዓመት ልማዷ ነው።

የደሴ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ። በክረምቱ ዕረፍት ከመምህሯ ጋር ለሥዕል ልምምድ ወደ ዋግ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ሟቹ ደግሞ ከእነሱ ቀድሞ ለአንድ ሙዚየም የጥንትና የባህል ዕቃ ሊሰበስብ መጥቶ፣ በዚያው ግቢ ዕቃ ቤቱን ተከራይቷል። አስማረ «ሙዚየም የዕቃ መቃብር ነው፤ ወልደ ገብርኤልም ቀባሪው» ይል ነበር። «ጌጥ የሐሳብ ድህነት መሸፈኛ ነው፤ ቅማል በወረረው ነጠላ ላይ ጥልፍ መጥለፍ» ይል ነበር። ስለ እጅ ሙያ ሲነሣበት «ወፍም ጎጆ ትሠራለች» ብሎ ይዘጋል። ጸሐይነሽ ይህን ሁሉ በደብተር ጽፋ፣ አጥንታ፣ በመጨረሻም የራሷ አሳብ አድርጋዋለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ሥራ አልጨረሰችም። የጀመረችው ሁሉ ጌጥ ጌጥ እየመሰላት ጭቃውን መልሳ ታፈርሰዋለች፤ ይህንም እንደ ኩራት ትቆጥረው ነበር።

ያንን መዝጊያ መጀመሪያ ባየች ቀን ሟቹን «ሠሪው ባዶ ቦታ ይፈራ ነበር መሰለኝ» ብላው ነበር። እሱም ሳይቀየም «እጁ ስላልደከመው ነው፣ የኔ ልጅ» ብሎ መለሰላት። በልቧ ነፈዝ ብላ አለፈችው።

ሃምሳ አለቃ ምንዋጋው መጣ። አጭር ሰው ነው፤ የካኪ ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱን ይነካል። የዋጉ ዝቋላ ገበሬ ልጅ ስለሆነ አማርኛው ላይ የአገውኛ ዜማ አለበት።

«መርማሪው ይኸ ነው?» አለ አስማረ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ።

ሃምሳ አለቃው እንዳልሰማ ሆኖ የእግሩን ጭቃ በደጃፉ ድንጋይ ጠራረገና ገባ። ዙሪያውን ቃኘ። «ይህን ቤት ማን ያውቀዋል?»

«እኔ» አለች ጸሐይነሽ። «አንዳንድ ጊዜ እየገባሁ እሥል ነበር።»

«ደግ። መዝጊያው የት ነበር የቆመው፣ ልጄ?»

«እዚያ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ።»

«የተፈለፈለው ፊቱስ?»

«ወደ እኛ ነዋ! አቶ ወልደ ገብርኤል በየማለዳው በብሩሽ ይጠርገው ነበር። እሱ ጌጥ ወደ ግድግዳ አያዞርም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንደ ስሜ።»

ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ወንዶች መዝጊያውን እንዳለ አንሥተው ከጎን አስቀመጡት። ተንበርክኮ የሟቹን ፊት አየ፤ ጭረት የለበትም። ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ሲያዞረው ግን ማጅራቱ ላይ የቡጢ ያህል ክብ ስብራት አለ። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ልስልስ አፈር ነው። ከሬሳው ጎን ደግሞ አንድ ክንድ የሚሆን ርጥብ ቦታ ታየው።

«ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?»

«ምን ሲደረግ!» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል። «አምና ነው ቆርቆሮ ያለበስሁት።»

ሃምሳ አለቃው አፍንጫውን ወደ መዝጊያው አስጠግቶ አሸተተ። ከዚያ ከካፖርቱ ኮሌታ እሾህ ነቅሎ፣ ከሐረጉ ጥልቅ ውስጥ አንዳች ነገር ፈልቅቆ አወጣና ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተው። አስማረ ጸሐይነሽን በዓይኑ ጠቀሳት፤ «በር ያሸታል!» ማለቱ ነው።

በዚህ መሐል ከደጅ አንድ ድምፅ ተነሣ። «ምን ይመረመራል! መዝጊያውን የሠራው ካሳ ነው። የዚያ ቡዳ እጅ የነካው ነገር መቼ ደም ሳይጠጣ ቀርቶ ያውቃል?» ሕዝቡም «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ። ማረሻቸውን የሚሳልላቸው፣ የበራቸውን መቀርቀሪያ የሚሠራላቸው አንጥረኛና ጠራቢ ካሳ ነው፤ ግን ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀርብ ሰው በከተማው አልነበረም።

ሃምሳ አለቃው ወደ ጸሐይነሽ ዞረ። «እኔ የጥበብ ነገር አላውቅም። አብረሽኝ ብትዞሪ ምን ይመስልሻል?»

ለጓደኞቿ የምትነግረው የሚያስቅ ታሪክ አገኘሁ ብላ እሺ አለችው።

መጀመሪያ ወይዘሮ ይመኙሻልን ጠየቀ። እሳቸው፣ ሟቹ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሆን እንደሌላው ወደ ቅዳሴ መሄዱን፣ ራስ ምታት ስለያዘው ግን ከመሐል አቋርጦ መውጣቱን ተናገሩ።

«በግቢው ማን ቀርቶ ነበር?»

«ማንም። መምህሩ ልሥል ብለው ወደ ወንዝ ወርደዋል። ይቺም ደብተሯን ይዛ ገበያ ነበረች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። መምህሩ ትናንት ሞራ ስጪኝ አሉኝ። በፍልሰታ! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ለጫማዬ አሉ። ደህና አድርጌ በጣሳ ሰጠኋቸው።»

አስማረ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲያጨስ አገኙት። ሃምሳ አለቃው ቆሞ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ ጠየቀው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቅዳሴው ሰዓት የት ነበሩ?»

«ወንዝ ዳር። ይኸው የዛሬ ሥራዬ። ማየት ትችላለህ፤ ጣትህን ግን እንዳታሳርፍበት።»

በከሰል የተሣለ የወንዝ ሥዕል ነው። ውኃው ቀጭን፣ ድንጋዮቹ ትልልቅ ሆነው በሥርዓት ተደርድረዋል።

«ድንጋዮቹ ደስ ይላሉ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«የሣልሁት ድንጋይ አይደለም፤ ክብደት ነው። አንተ አይገባህም።»

«አይገባኝም» አለ ሃምሳ አለቃው በትሕትና። ወደ መሬት የሰበረው ዓይኑ ግን የመምህሩን ጫማ እያየ ነበር። ቆዳው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ ጭቃ ተጋግሮበታል። «ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ሰው ከአቧራ ጋር ይጣላል?»

ከከተማው ጥግ ያለው የካሳ ጎጆ የከሰልና የጽድ ሽታ ይሸታል። ካሳ ስድሳ ዓመት የዘለለው፣ ጣቶቹ የተጣመሙ ሰው ነው። ጸሐይነሽን ገልመጥ አድርጎ ደጃፉ ላይ ሥራውን ቀጠለ፤ የሞፈር እንጨት ይጠርባል።

«አያ ካሳ፣ ዛሬ የት ዋልህ?»

«እዚሁ።»

«ማን አየህ?»

«እኔን ማን ያየኛል? ሥራዬን ነው የሚያዩት።»

ከዚያ ሁለቱ በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። ጸሐይነሽ አንድ ቃል አልገባትም። ሽማግሌው መጀመሪያ በአጭር በአጭሩ፣ በኋላ ግን መጥረቢያውን አስቀምጦ በእጁ እያሳየ ተናገረ፤ አንድ የማይታይ ነገር በጭቃ የሚለቀልቅ ይመስል መዳፉን አመላለሰው። ሃምሳ አለቃው ፊቱ አልተለወጠም።

«ምን አለዎት?» አለችው ሲመለሱ።

«ስለ ጭቃ ነው ያወራን» አለና መንገዱን ቀጠለ።

አመሻሹ ላይ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል እስከ ወገባቸው ረጥበው ሲመጡ መንገድ ላይ አገኟቸው። መዝጊያው ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ለሙዚየም ሲሰጥ «የነካው እጅ ይድረቅ» ብለው በአደባባይ የረገሙ እሳቸው ነበሩ።

«ሰምቻለሁ፤ ነፍሱን ይማር» አሉ። «ረግሜዋለሁ፤ አልክድም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ለቀብር ማዶ ሄጄ፣ ወንዙ ሞልቶ ቀረሁ። ከእኔ ጋር ሃያ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ነው የዋለ። ውኃው አንዲት ድንጋይ አያሳይም ነበር! ገና አሁን ነው የጎደለልን።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መሪጌታ» አለ ሃምሳ አለቃው፤ ጸሐይነሽ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየችው። እሷ ግን ፈገግ አላለችም። የከሰሉ ሥዕል ዓይኗ ላይ መጥቶ ድቅን አለባት። ዛሬ ሣልሁት ያለውን ትናንት ሥሎት ይሆናል፤ ይህ ምን ክፋት አለው? ትልቅ ሰዓሊ ቀን ቢሳሳት ምን ይደንቃል? እያለች ስትገላበጥ ነጋባት።

በማግሥቱ ሃምሳ አለቃው ሕዝቡን ከሾላው ሥር ሰበሰበ። «አውጫጭኝ ቀርቷል ይባላል» አለ፤ «ዛሬ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ነገሩ ሳይወጣ ከዚህ የሚነሣ የለም።» ካሳ ለብቻው፣ ሰው በሸሸው ቦታ ተቀምጧል። አስማረ ወንበር አስመጥቶ እግሩን አጣምሯል። መዝጊያው በመሐል ተጋድሟል።

«አጀማመሬ ሞኝ የሚያውቀው ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። ከአንዱ ተማሪ የፊደል ሰሌዳ ተቀብሎ፣ ፊደሉን ወደ ሕዝቡ አድርጎ ሾላው ላይ አስደገፈውና ጫፉን ወደ ፊት ገፋው። ሰሌዳው ወደቀ። «ፊደሉ የት አለ?»

«ሥር!» አሉ ብዙዎች።

«ሥር ነው። መዝጊያውም ወድቆ ቢሆን ጌጡ ሟቹ ላይ በተደፋ ነበር። እኛ ስንደርስ ግን ጌጡ ወደ ሰማይ ያያል። ማጅራቱ የተሰበረውም በክብ ነገር ነው፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከዕቃው ኋላ ተደብቆ ያገኘሁት የወፍጮ መጅ ይኸው፣ ደም አለበት። በር ሰው አልገደለም። የሞተ ሰው ላይ ጫኑት እንጂ።»

ሁሉም ወደ ካሳ ዞረ። «አላልንም?» የሚል ጉርምርምታ ተሰማ።

«ቆዩ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ጌጡ ለምን ወደ ላይ ሆነ? የገደለው ሰው መዝጊያውን ከግድግዳው አንሥቶ ሳይሆን፣ ወለል ላይ እንደተኛ ጎትቶ ስለጫነው ነው። ታዲያ ማን አስተኛው? ለምንስ? ከጎኑ ወለሉ ርሷል፤ ጣሪያው ግን አያፈስም። ጌጡ ሞራ ሞራ ይሸታል፤ ጊዜው ግን ጾም ነው። ከሐረጉ ጥልቅ ውስጥ ደግሞ ይህን አወጣሁ።» የክብሪት ቀፎውን ከፍቶ ወደ ጸሐይነሽ አቀረበው። «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ነጭ ነገር ነው። በጣቷ ደቀቅ አደረገችው። ከአዲስ አበባ በመኪና፣ ከኮረም ወዲህ በበቅሎ ሲመጣ እሷ የጠበቀችው ከረጢት ታያት። ቀና ስትል አስማረ በዓይኑ ያዛት። ያ ዓይን ሥራዋን ያሳልፋል፣ ይጥላል፤ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄደውን የሚመርጠውም እሱ ነው።

«ኖራ ነው በዪው» አለ አስማረ በንቀት። «አገሩ ሁሉ ኖራ ነው።»

«ኖራ አይደለም» አለች። ድምፏ እንግዳ ሆነባት። «ጀሶ ነው። በውኃ ሲበጠበጥ ወጥ መስሎ ይፈሳል፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። የአንድን ሥራ ቅርጽ ለመቅዳት ሥራውን ፊቱን ወደ ላይ አስተኝቶ ማፍሰስ ነው። እንዳይጣበቅ ደግሞ አስቀድሞ ቅባት ይቀባል።»

«ምን ዓይነት ቅባት?»

«ሞራም ይሆናል።»

«ጀሶ በሰቆጣ ማን አለው?»

ጸሐይነሽ ነጩን ዱቄት ከጣቷ አራገፈች። «መምህሬ» አለች።

ሃምሳ አለቃው ወደ አስማረ ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። «ሞራውን ለጫማዬ ብለው ወሰዱ፤ ጫማዎ ግን ሞራ የሚባል አላየም። ወንዝ ዳር ዋልሁ ብለው ድንጋይ የሞላበት ሥዕል አሳዩኝ፤ ትናንት ግን ወንዙ ሞልቶ መሪጌታና ሃያ ሰው አንዲት ድንጋይ አላዩም።» በእጁ ምልክት ሲሰጥ አንድ ፖሊስ ጆንያ ዘረገፈ። ከቤቱ ጀርባ ካለው የመጸዳጃ ጉድጓድ የወጣ የጀሶ ስብርባሪ ነው። ሃምሳ አለቃው ትልቁን አንሥቶ መዝጊያው ላይ ገጠመው። ሐረጉ ከሐረጉ፣ የተንበረከከው ሰው ከተንበረከከው ጉድጓድ ጋር እንደ ሰይፍና ሰገባው ገጠመ።

«ቅርጽ መቅዳት ወንጀል ነው?» አለ አስማረ።

«አይደለም። ጌጥ የድህነት መሸፈኛ ነው እያሉ ሲሰብኩ ኖረው፣ ተደብቀው ጌጥ መቅዳት ግን የሚያሳፍር ነው። አያ ካሳ፣ ትናንት በአገውኛ ያልኸኝን ለሁሉም ንገር።»

ካሳ ሳይነሣ ተናገረ። «ይኸ ሰውዬ ከአምስት ዓመት በፊት መጥቶ፣ አንዲት የጠረብኋትን ሴት በነጭ ጭቃ ሸፍኖ ልክዋን ወሰደ። ለትዝታ ነው አለኝ። ባለፈው ሳምንት ያ ሟቹ ቤቴ ገብቶ ያቺኑ ሴት አየና ቀጥ ብሎ ቀረ። ‹ይህቺን አዲስ አበባ በሌላ ሰው ስም አውቃታለሁ› አለኝ። ‹ስምህን እጽፍልሃለሁ› አለኝ።»

ጸሐይነሽ የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቀችም። «ዋይታ» የተባለች፣ ተንበርክካ ያቀረቀረች፣ ፊት የሌላት ሴት፤ አስማረን ያሸለመች። ጸሐይነሽ በአሥራ ስምንት ዓመቷ እሷ ፊት ቆማ አልቅሳ ነው ቅርጻ ቅርጽ ልማር ያለችው።

«ሟቹ ከቅዳሴ ቀድሞ ሲመለስ ጀሶው መዝጊያው ላይ ፈስሶ፣ እርስዎ አጠገቡ ተንበርክከው አገኘዎት» አለ ሃምሳ አለቃው። «ምን አለዎት?»

አስማረ ሲጋራውን ጣለ። ፊቱ ላይ ከፍርሃት ይልቅ ንቀት ነበረ። «ሳቀብኝ» አለ። «ያ ዕቃ ቆጣሪ! ሆዱን ይዞ ሳቀና ሊወጣ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔ ባልወስዳት ያቺን ሴት ማን ያያት ነበር? ፍየል ብቻ! ይኸ ሽማግሌ ጠረበ እንጂ ምን እንደጠረበ አያውቅም። ሥራ ያደረግኋት እኔ ነኝ!»

«እጅህን አምጣ» አለው ሃምሳ አለቃው። «አንተ» ብሎ ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሕዝቡ እየተነሣ ሄደ። ካሳን ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም፤ አንዲት ሴት እንዲያውም በአጠገቡ ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

አስማረ ደሴ ላይ ተፈረደበት። ጸሐይነሽ ትምህርት ቤት ተመልሳ ስለ «ዋይታ» ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈች፤ የካሳን ስም ከነአባቱ፣ ከነአጥቢያው አስገባች። ጉዳዩን የያዙት ሰዎች «የጽሑፍ ማስረጃ የለውም» ብለው ብዙ ተሰበሰቡ። በመጨረሻ ከሐውልቷ ሥር የነሐሱን ጽሑፍ አንሥተው ካርቶን ለጠፉ፤ «ዋይታ። ዋግ። ሠሪው ያልታወቀ ባላገር» ይላል።

በዓመቱ ሐምሌ ላይ እንደገና ወደ ሰቆጣ ሄደች። ካሳ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ ሲጠርብ ደረሰች። አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረችው፤ ካርቶኑንም ጭምር።

«ያቺ ፊት የሌላት ናት?» አላት።

«አዎ። በዓለም ያለው ኀዘን ሁሉ ፊት ስለሌላት ነው የሚታየው እየተባለ ብዙ ተጽፎላታል።»

ሽማግሌው መጥረቢያውን ጭኑ ላይ አሳርፎ ሳቀ። «ፊቷ ላይ ስደርስ እንጨቱ ተሰነጠቀብኝ! ተበላሽታብኝ የፍየሎቹን ጋጣ መደገፊያ አድርጌያት ነበር። እንኳን ስሜን አልጻፉባት!» ከዚያ በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከታት። «የደረሰችው እዚያ ናት። ግቢና እያት።»

ጸሐይነሽ ጎንበስ ብላ ገባች። ከጥጉ ያቺው ሴት ተንበርክካለች። ፊት አላት፤ ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን የምትይዝ፣ ጉንጯ የጎደጎደ ፊት። ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ የሚወርደው ቀሚሷ ጥለት በሙሉ አንድም ሳይዘለል ተፈልፍሏል፤ ሐረጉ ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ታጥፎ፣ ከእሷ ጋር አብሮ ተንበርክኳል። ጸሐይነሽ ጣቷን በዚያ መስመር ላይ እየሰደደች ቁጭ አለች፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላወቀችም። በኋላ የሐረጉን አካሄድ በብርሃን ልታየው ሴትዮዋን አቅፋ ወደ ደጅ አወጣቻትና ከካሳ ፊት ለፊት፣ በፀሐይዋ በኩል ተቀመጠች።

«ፈቀቅ በይ እንጂ» አለ ካሳ ቀና ሳይል፤ «ብርሃኔን ጋረድሽብኝ።»